የአይሮፕላን ነጂ ቦርሳ ምን ይይዛል?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ በሚጀምርበት ጊዜ የሚይዘው ስንቅ ሁለት ነገር ይገልጣል። አንደኛው የመንገዱ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው የመንገደኛው ጠባይ ነው። በበቅሎ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የሚያስጭነውና በባቡር የሚሳፈር ሰው የሚይዘው አንድ አይደለም። እንዲሁም ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ ሲነሡ፥ አንደኛው ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ አስቦ ይሰናዳል፤ ሌላው ግን የጎደለኝን በመንገድ አገኛለሁ ብሎ ይወጣል። በምድር ለሚሄድ ሰው ይህ ሁለተኛው ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሳካለት ይሆናል፤ ከመንገድ ዳር መንደር አይጠፋምና። በአየር ለሚሄድ ግን መንደርም ጎረቤትም የለውም። ስለዚህ ትንሽ አይሮፕላን ራሱ እየነዳ የሚሄድ ሰው በቦርሳው ውስጥ ምን እንደሚይዝ፥ እያንዳንዱንም ዕቃ ስለ ምን እንደሚይዘው ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ አሰብን። ነገሩ ነጂዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከነጂው አጠገብ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ሚስቱና ልጆቹ ስለ ሆኑ፥ ጉዳዩ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ የግል ነጂ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባናል። የግል ነጂ ማለት ደመወዝ ተቀብሎ መንገደኞችን የሚያመላልስ የአየር መንገድ ሠራተኛ ሳይሆን፥ ለራሱ ጉዳይ ወይም ለደስታው፥ ወይም ቤተ ሰቡንና ወዳጆቹን ይዞ ለመሄድ የሚበር ሰው ነው። ይህ ዓይነት በረራ እጅግ የተስፋፋው በአሜሪካ ስለ ሆነ፥ የምንጠቅሰው ደንብ ይልቁንም የዚያን አገር ደንብ ነው፤ ዓመታቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን። በአሜሪካ የግል ነጂነት ምስክር ወረቀት የያዙ ሰዎች ቁጥር ከ150 ሺህ ይበልጣል። ወረቀቱን ለመቀበል ሰውየው ዕድሜው 17 ዓመት የሞላ፥ በተለመደው ደንብ ከ40 ሰዓት ያላነሰ የበረረ፥ በጽሑፍም በተግባርም ተፈትኖ ያለፈ መሆን አለበት። የአየር መንገድ ነጂ በአጠገቡ ሁለተኛ ነጂ፥ በምድርም የአየሩን ጠባይ የሚመረምርለትና መንገዱን የሚያሰላለት መሥሪያ ቤት አለው። የግል ነጂ ግን መንገድ መሪውም፥ የራዲዮ ሠራተኛውም፥ ሞተር መርማሪውም፥ የተሳፋሪዎቹ አስተናጋጅም እርሱ ራሱ ነው። ረዳት የለውም ብንል ግን ልክ አይሆንም፤ ረዳቱ ቦርሳው ነው።

በቦርሳው ውስጥ በመጀመሪያ የሚገኙት ወረቀቶች ናቸው። በመዝገብ ሥራ የምንኖር እኛ፥ ጉዳዩ የቀና ሆኖ ሳለ ማስረጃው ከእጁ የሌለ ባለ ጉዳይ እንዴት እንደሚቸገር እናውቃለን፤ በአየርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ ነጂው የነጂነቱን ምስክር ወረቀት፥ ጤንነቱን የሚያረጋግጥ ወረቀትና ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ይዞ እንዲገኝ ያዛል። አይሮፕላኑም በበኩሉ ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት፥ የባለቤትነት ምዝገባ፥ የአነዳድ መመሪያ መጽሐፍና የክብደት መዝገብ ሊኖሩት ይገባል። ይህን የክብደት መዝገብ አንባቢ እንዲያው ለደንብ የተጻፈ ወረቀት አድርጎ እንዳያየው። ሴስና 172 የምትባለው፥ በዓለም ላይ ከማናቸውም ይልቅ በብዛት የተሠራችው ትንሽ አይሮፕላን አራት ወንበር አላት፤ ነገር ግን ቤንዚኗ ሙሉ በሆነ ጊዜ አራት ጎልማሶችን ከነዕቃቸው መሸከም ብዙውን ጊዜ አይቻላትም። ወንበር መኖሩ ብቻ ለመሳፈር እንደማይበቃ ነጂው የሚያረጋግጠው በዚያ መዝገብ ነው። ዘመድ ቅር እንዳይለው ብሎ መዝገቡን የሚዘነጋ ሰው ያንኑ ዘመዱን ለአደጋ ያቀርበዋል።

ከወረቀቶቹ ቀጥሎ ያለው ካርታ ነው። ስለ ካርታ ስንናገር ኤልሬ ጄፐሰን የተባለውን አሜሪካዊ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ይህ ሰው በ1930 ገደማ በሶልት ሌክ ሲቲና በሻየን ከተሞች መካከል ባሉት ታላላቅ ተራሮች ላይ ፖስታ የሚያመላልስ ነጂ ነበር። በዚያ ዘመን ለአይሮፕላን ነጂ ተብሎ የተሠራ በቂ ካርታ ስላልነበረ፥ ብዙዎች መንገድ የሚያውቁት የባቡሩን ሐዲድ እያዩ ነበር፤ ጭጋግ በወረደ ጊዜም ብዙዎች በተራራ ላይ ተከስክሰው ሞቱ። ጄፐሰን በ10 ሳንቲም አንዲት ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ፥ የእያንዳንዱን ማረፊያ ርዝመትና አቅጣጫ፥ በዙሪያው ያለውን ኮረብታና ማማ ከፍታ፥ የአየሩን ጠባይ በስልክ የሚነግሩትን የገበሬዎች የስልክ ቁጥር ሳይቀር ይጽፍባት ጀመር። በዕረፍቱም ቀን የከፍታ መለኪያ ይዞ ኮረብታ እየወጣ ይለካ ነበር። ባልንጀሮቹ የደብተሯን ግልባጭ ቢለምኑት በ1934 አንዱን በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በስሙ የሚጠራውም የካርታ ድርጅት ከዚያች ደብተር የተወለደ ነው። ለራሱ ሕይወት ብሎ የጀመረው ጽሑፍ ለሺዎች ሕይወት ጠባቂ ሆነ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ካርታ ታብሌት በሚባለው ጠፍጣፋ መሣሪያ ውስጥ ተጠቃሎ ይገባል። የአየር መንገድ ነጂዎች እንኳ ይሸከሙት የነበረው የወረቀት ቦርሳ 35 ፓውንድ ማለት 16 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ በ2013 ይህን ሁሉ በታብሌት ተክቶታል። የግል ነጂውም አይሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በካርታው ላይ እየተንቀሳቀሰ ሲያየው እጅግ ይረዳዋል። ነገር ግን መሣሪያው የራሱ ድካም አለበት። ፀሐይ በመስተዋቱ በኩል ስታገኘው ይግልና ራሱን ያጠፋል፤ ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ታብሌቱን ፀሐይ ከማያገኘው ስፍራ ያኖራል፥ ባትሪ መሙያ ይጨምራል፥ ከሁሉም ይልቅ የሚሄድበትን አገር የወረቀት ካርታ ወይም ሌላ ሁለተኛ መሣሪያ በቦርሳው ይይዛል። በአሜሪካ ለዓይን በረራ የሚታተመው ካርታ መጠኑ 1 ለ500,000 ሲሆን፥ ከ2021 ወዲህ በየ56 ቀኑ ይታደሳል። ማማ ይሠራል፥ ማረፊያ ይዘጋል፥ የራዲዮ ቁጥር ይለወጣል፤ ጊዜው ያለፈበት ካርታም በሐሰት እንደሚመሰክር ምስክር ነው፤ ምስክር የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፥ የሐሰት ምስክር ያመነ ግን ሳይጠነቀቅ ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዕቃዎች ትንንሾች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን እንደ መጠናቸው አይደለም። እርሳስን እንውሰድ። ነጂው በጭኑ ላይ በሚታሰር ትንሽ ሰሌዳ ላይ በራዲዮ የሚነገረውን ትእዛዝ ይጽፋል። ብልህ ነጂ ግን እርሳሱን በክር ከሰሌዳው ጋራ ያስረዋል፥ ሁለተኛም በኪሱ ይጨምራል። ምክንያቱም በደመና ወይም በጨለማ ውስጥ የወደቀ እርሳስ ለማንሣት በድንገት ጐንበስ ብሎ ቀና ያለ ሰው፥ በጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ተደናግሮ አይሮፕላኑ ሳይዞር የዞረ ይመስለዋል። አንድ ክንድ ክር ከዚህ ያድነዋል።

የእጅ ባትሪም እንዲሁ ነው። በሌሊት የሚበር ሰው ሁለት ይይዛል፤ አንደኛው ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ሆኖ ከመነሣቱ በፊት አይሮፕላኑን ዞሮ ለመመርመሪያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለውስጥ የሚሆን ደብዛዛ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ይህንም ልማድ አንድ ጊዜ የበራ ብርቱ ብርሃን ባንድ አፍታ ያጠፋዋል። ስለዚህ ብዙዎች ቀይ ብርሃን ይመርጣሉ። ነገር ግን በቀይ ብርሃን ሲታይ በካርታው ላይ በቀይ ቀለም የተሣለው ምልክት ስለሚጠፋ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል።

መነጽር የሚያደርግ ነጂ ሁለተኛ መነጽር በቦርሳው እንዲይዝ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብም የአውሮፓም ደንብ ያዝዛሉ። መነጽሩ የወደቀበት ጸሐፊ ሥራውን ለነገ ቢያሳድር አይጎዳም፤ መነጽሩ የተሰበረበት ነጂ ግን ማረፉን ለነገ ሊያሳድረው አይችልም። የፀሐይ መነጽርም ቢሆን እንዳገኙ የሚገዙት አይደለም፤ ፖላራይዝድ የሚባለው ዓይነት የአንዳንድ መሣሪያዎችን ገጽ ጨለማ አድርጎ ስለሚያሳይ ለነጂ አይመከርም።

ከቦርሳው ውስጥ ብርጭቆ የምትመስል አንዲት ትንሽ መቅጃ ሲያይ፥ የማያውቅ ሰው ለቡና የተያዘች ሊመስለው ይችላል። እርስዋ ግን ቤንዚን መመርመሪያ ናት። ነጂው ከመነሣቱ በፊት ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ሥር ጥቂት ቀድቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ውሃ ከቤንዚን ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ውሃ ገብቶበት እንደ ሆነ ከመቅጃዋ ሥር እንደ እንክብል ሆኖ ይታያል። ቀለሙንም ይመለከታል፤ ለትንንሽ አይሮፕላኖች በብዛት የሚቀርበው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ የጄት ነዳጅ ግን ነጣ ወይም ወደ ገለባ ቀለም ያደላ ነው። በስሕተት የጄት ነዳጅ የተሞላበት የቤንዚን ሞተር ጥቂት ሠርቶ ከተነሣ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ከመቅጃዋም ጋራ ምልክት የተደረገበት በትር አለ፤ ነጂው በትሩን ወደ ማጠራቀሚያው አስገብቶ ቤንዚኑን ይለካል። የቤንዚን ማሳያ ሰዓት እያለ ስለ ምን በበትር ይለካል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ሰዓቱ ሊሳሳት ስለሚችል ነው እንላለን። ጎተራዋን በወሬ ሳይሆን በዓይኗ የምታይ የቤት እመቤት ምክንያቱን ሳንነግራት ታውቀዋለች። የአሜሪካ ደንብ ካሰቡበት ስፍራ ከደረሱ በኋላ በቀን የ30 ደቂቃ፥ በሌሊት የ45 ደቂቃ ቤንዚን ሊተርፍ እንደሚችል ሳያረጋግጡ መነሣትን ይከለክላል።

አሁን ወደምንናገረው ዕቃ አንባቢዎቻችን ይልቁንም ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ የሚያስታውቀው መሣሪያ ነው። በብዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች ውስጥ ተሳፋሪውን የሚያሞቀው አየር የሚሞቀው በሞተሩ የጭስ ማውጫ ዙሪያ በማለፍ ነው። ቧንቧው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጋዙ ከሞቃቱ አየር ጋራ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፥ ቀለምም የለውም፤ ሰውን ራሱን ያመዋል፥ ያፈዘዋል፥ በመጨረሻም ያስተኛዋል፤ የሚመረዘውም ሰው የደከመው ብቻ ይመስለዋል። በከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ሲሞት የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በ2019 በጃንዩወሪ 21 ሌሊት ኤሚልያኖ ሳላ የተባለውን አርጀንቲናዊ የእግር ኳስ ተጫዋች ከፈረንሳይ ናንት ወደ ዌልስ ካርዲፍ የምታደርስ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ካለው ባሕር ወደቀች። የእንግሊዝ የአይሮፕላን አደጋ መርማሪዎች የተሳፋሪውን ደም በመረመሩ ጊዜ መርዙ 58 ከመቶ ደርሶ ተገኘ፤ ነጂውም በዚያው ጋዝ ሳይጎዳ እንዳልቀረ በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ገለጡ። በአይሮፕላኗ ውስጥ ድምፅ አሰምቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አልነበረም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ከ1982 እስከ 2020 ከዚህ ጋዝ የተነሡ 31 አደጋዎችን ቆጥሮ፥ በእነርሱ 42 ሰዎች እንደ ሞቱ በ2022 አስታውቋል። መሣሪያው ግን በኪስ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው። ለነጂ ዘመዱ ስጦታ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚሻል አያገኝም።

ቀጥሎ የእጅ ራዲዮ አለ። የአይሮፕላኑ ኤሌክትሪክ በአየር ላይ የጠፋ እንደ ሆነ ትልቁ ራዲዮ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ነጂው በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን ራዲዮ ከቦርሳው አውጥቶ ይናገራል። በዓለም ሁሉ ለጭንቅ ጊዜ የተመደበው ቁጥር 121.5 ነው። ይህም ባይኖር በማማው ላይ ያሉት ሰዎች በቀለም ብርሃን ያነጋግሩታል፤ በአየር ላይ ላለ አይሮፕላን የማይቋረጥ አረንጓዴ ብርሃን ማረፍ ትችላለህ ማለት ነው፤ የማይቋረጥ ቀይ ብርሃን ለሌላው መንገድ ልቀቅና መዞርህን ቀጥል ማለት ነው። የእነዚህን ምልክቶች ትርጉም የያዘች አንዲት ካርድ በሰሌዳው ጀርባ ትቀመጣለች።

ለቤተ ሰብ የሚያዘው ደግሞ ብዙ ነው። የትንሽ አይሮፕላን ሞተር ድምፅ ብርቱ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ የልጅ ጆሮ ከጎልማሳው ይልቅ ስስ ስለ ሆነ በልጅ ራስ ልክ የተሠራ ሊያዝለት ይገባል። ውሃ፥ ቀለል ያለ ምግብ፥ ለሚያጥወለውለው ሰው የሚሆን ከረጢት፥ እጅ መጥረጊያ ይያዛል። በአየር ላይ ወጣ ብሎ መመለሻ ስፍራ ስለሌለ፥ ክዳኑ የሚገጥም ለሽንት የሚሆን ዕቃም ይይዛሉ። ይህን በመጻፋችን የሚስቅ ሰው ቢኖር፥ ሕፃን ይዞ ሁለት ሰዓት የበረረውን ሰው ይጠይቅ።

በከፍታ የሚበር ሰው ደግሞ በጣት ላይ የምትገጠም፥ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። በአሜሪካ ደንብ ከ12,500 ጫማ ማለት ከ3,800 ሜትር በላይ ከ30 ደቂቃ የበለጠ የሚቆይ ነጂ፥ ከ14,000 ጫማ በላይ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን የሚበር ነጂ ኦክስጅን መጠቀም ግዴታው ነው። የኦክስጅን ማነስ አስቸጋሪነቱ ሰውየውን ሳያሳምመው ማስተዋሉን መቀነሱ ነው። ይህ የከፍታ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1921 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ወደ ደጋው የሚመጣ ነጂ ሁሉ የሳሳውን አየር ማሰብ ግድ ሆኖበታል። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ በዚህ ከፍታ የሞተር ኃይል ይቀንሳል፥ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይሳሳል፥ ለመነሣትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈለጋል። በአነዳድ መመሪያው መጽሐፍ ያለው የስሌት ሠንጠረዥ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሰው በማይኖርበት አገር ላይ የሚበር ሰው ቢወድቅ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ የአላስካ ሰዎች በሕግ መልሰውታል። ለብዙ ዓመታት ጸንቶ የኖረው የዚያ አገር ሕግ፥ በአይሮፕላን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ስንቅ፥ መጥረቢያ፥ ቢላዋ፥ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ፥ የዓሣ መንጠቆና ክር፥ እሳት ማቀጣጠያ፥ ምልክት መስጫና የትንኝ መከላከያ መረብ እንዲገኝ፥ በክረምትም የበረዶ መርገጫ ጫማ፥ የመኝታ ከረጢትና የሱፍ ብርድ ልብስ እንዲጨመር ያዝ ነበር። የዚያ አገር ነጂዎች ግን አንድ ነገር ጨምረው ይመክራሉ፤ እርሱም ሕይወት የሚያድነው ዕቃ በቦርሳ ሳይሆን በገላ ላይ ይሁን የሚል ነው። አይሮፕላኑ ቢቃጠል ወይም ቢሰምጥ ለሰውየው የሚቀርለት በኪሱ ያለው ብቻ ነውና። ስለዚህ እሳት ማቀጣጠያውን፥ ቢላዋውንና በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የጭንቅ ጥሪ የምታሰማውን ትንሽ መሣሪያ በሰደርያቸው ኪስ ይይዛሉ። ሳተላይቶች የድሮውን የ121.5 ምልክት መስማት በፌብሩወሪ 1 ቀን 2009 ስላቆሙ፥ አዲሱን መያዝ ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሰማ አንባቢ፥ ቦርሳው እንዴት ያለ ትልቅ ቢሆን ነው ሁሉ የሚገባበት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጥበቡም ያለው በዚህ ላይ ነው። በአየር ላይ ያለ ኪሎ ሁሉ የሚቆጠረው በቤንዚን ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 በሜይ ወር ብቻውን ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በ33 ሰዓት ተኩል ፓሪስ በደረሰ ጊዜ፥ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ራዲዮና ፓራሹት አልያዘም፤ የካርታውን ትርፍ ጠርዝ እንኳ ቆርጦ ጥሎ ነበር። ለስንቁም የያዘው አምስት ሳንድዊችና ውሃ ብቻ ነበር። ነገር ግን በአየር የምትነፋ ትንሽ የላስቲክ ጀልባ ይዞ ነበር። ራዲዮን ትቶ ጀልባን መያዝ ለምን ቢባል፥ መንገዱ በውቅያኖስ ላይ ስለ ሆነ ነው። እርሱ ያላሰበበትን አልያዘም፤ ያሰበበትንም አልተወም። ቦርሳውን በማያስፈልግ ነገር የሞላ ሰው፥ በጭንቅ ጊዜ የሚያስፈልገውን ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ልማድ ያላቸው ነጂዎች እያንዳንዱን ዕቃ ሁልጊዜ በአንድ ኪስ ያኖራሉ፤ እጃቸው በጨለማ ውስጥ ሳያይ ያገኘዋል። በየዓመቱም ቦርሳውን ገልብጠው ያላገለገለውን ያወጣሉ፤ የሞተውን ባትሪ ይለውጣሉ። ለክፉ ቀን የተያዘ ዕቃ ግን ስላላገለገለ አይጣልም።

ከሁሉ የቀለለችውና ከሁሉ የከበደችው ዕቃ ግን አንዲት ገጽ ወረቀት ናት፤ እርስዋም የመፈተሻ ዝርዝር ናት። በ1935 በኦክቶበር 30 ቀን በኦሃዮ ዴይተን ከተማ፥ ቦይንግ የሠራው ባለ አራት ሞተር አዲስ አይሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ነጂዎቹ እጅግ የተመሰከረላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አይሮፕላኑም ጉድለት አልተገኘበትም። ምክንያቱ አይሮፕላኑ በምድር ቆሞ ሳለ የጅራቱን መሪ ነፋስ እንዳያወዛውዘው የሚቆለፍበት መቆለፊያ ሳይፈታ መነሣታቸው ነበር። ከዚህ በኋላ የጦር ሠራዊቱ ነጂዎች ከመነሣታቸው በፊት፥ በበረራ ጊዜ፥ ከማረፋቸው በፊትና ካረፉ በኋላ የሚያደርጉትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ማንበብ ጀመሩ። ዛሬ ከሺህ ጊዜ በላይ የበረረ ሰው እንኳ ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ አንድ በአንድ ያነባል። ዜማውን በቃሉ የሚያውቅ መሪጌታ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲቆም ማንም ስለ ዕውቀቱ አይጠራጠርም፤ ነጂም ወረቀቱን ማንበቡ የጥንቃቄው እንጂ ያለማወቁ ምልክት አይደለም።

ነገር ግን በቦርሳ የማይያዝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዛሬ አልሄድም የማለት ኃይል ነው። በ1999 በጁላይ 16 ሌሊት፥ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኬኔዲ ሚስቱንና እኅቷን ይዞ ከኒው ጀርዚ ተነሥቶ በባሕር ላይ ሲበር፥ ጭጋግና ጨለማ ሰማዩን ከባሕሩ አንድ አደረጉበት። በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለመብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ ገና አልነበረውም። መርማሪዎቹ የደረሱበት ውሳኔ ነጂው አቅጣጫ ተሰውሮበት አይሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳነው የሚል ነው፤ ሦስቱም ሞቱ። ባለጠግነት፥ የከበረ ስም፥ ጥሩ አይሮፕላን ሁሉ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሌሊት ግን ሳይነሡ ካልሆነ በቀር በአየር ላይ ሆነው በዕቃ አያመልጡትም። ቤተ ሰብም በዚህ ላይ ድርሻ አለበት። ሠርግ አለ፥ እንግዳ ይጠብቀናል፥ ቀጠሮ ሰጥተናል እያልን ነጂውን የምናጣድፍ እንደ ሆነ፥ በቦርሳው ላይ የማይታይ ከባድ ድንጋይ እንጭንበታለን። ዛሬ ይቅር ያለውንም ነጂ ፈሪ ብሎ መሳቅ የማይገባ ነው።

በመጨረሻም ከቦርሳው ዕቃዎች አንዱ በቤት የሚቀር መሆኑን እናስታውቃለን። የጭንቅ ጥሪ የምታሰማው መሣሪያ ስትመዘገብ የአንድ ቤተ ዘመድ ስምና ስልክ በመዝገቧ ይጻፋል፤ ጥሪው በተሰማ ጊዜ የአድን ሠራተኞች ነጂው በእርግጥ በአየር ላይ መሆኑን የሚጠይቁት ያንን ሰው ነው። ያ ሰው የት እንደ ሄደ አላውቅም ያለ እንደ ሆነ ፍለጋው ይዘገያል። በአሜሪካ የበረራ እቅድ አስመዝግቦ የተነሣ ሰው እደርሳለሁ ካለበት ሰዓት 30 ደቂቃ አልፎት እቅዱን ካልዘጋ መሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ይጀምራል፤ እቅድ ሳያስመዘግብ የሄደን ሰው ግን በቤት ያለ ሰው ካልጠየቀለት ቶሎ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ነጂው ከቤት ሲወጣ መንገዱን፥ የአይሮፕላኑን ቁጥር፥ የተሳፋሪዎቹን ስምና የሚደርስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ፤ በደረሰም ጊዜ መጀመሪያ ለእርስዋ ይደውል። እርስዋም ወረቀቱን በሚታወቅ ስፍራ ታኑር፤ ሰዓቱ ሲያልፍ በይሉኝታ ዝም ሳትል ትጠይቅ።

የቦርሳው ነገር እንዲህ ነው። ሁለተኛው መነጽር፥ ሁለተኛው ባትሪ፥ ሁለተኛው ራዲዮ ሁሉ ነጂው ስለ ራሱና ስለ ዕቃው የሚናገሩት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ልሳሳት እችላለሁ፥ ዕቃዬም ሊበላሽ ይችላል የሚል ነው። አስቀድሞ ያልመጠነች ሴት ድስት ጥዳ ብታለቅስ እንደማይጠቅማት፥ በአየር ላይ ሆኖ ያልያዘውን የሚያስብም እንዲሁ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል አይሮፕላን የሚነዳ ጥቂት ይሆናል፤ ልጁን ይዞ በመኪና ሩቅ መንገድ የሚሄድ፥ በሌሊት ሐኪም የሚፈልግ፥ ቤቱን ለሌላ ሰው ትቶ የሚወጣ ግን ሁሉም ነው። እነዚህም ሁሉ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብለው፥ ይህ ቢጠፋብኝ ሁለተኛው የት ነው? ካልተመለስሁ የሚፈልገኝ ማን ነው? ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ፥ የነጂው ቦርሳ ለእነርሱም አገልግሏል ማለት ነው።